የተለዋወጡት ብራውኒንጎች

መኩሪያ ሽጉጥ ይሰበስባል የሚለው ወሬ ሐበሻ የሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር ሲደርስ ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ሰውየውን ካወቀው በኋላ ግን ሳቀ። አምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጋርዴና ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ በሚቀርጽ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ላይ የቆመ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ወንበር የሚደረድር ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ሽጉጥ አለ፤ ጥይት ግን አንድም የለም። አንድ ቀን ፓስተሩ ለጸሎት መጥተው ነገሩን ሲያነሱበት፣ ካዝናውን ከፍቶ አንድ በአንድ እያወጣ አሳያቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ብረት ሲያስረዳቸው ቆየ። ፓስተሩ ሲወጡ ሚስቱን ዕንቁን በር ላይ «ባልሽ ቴምብር ሰብሳቢ ነው፤ ቴምብሩ ከበደ እንጂ» ብለዋት ሄዱ።

ዘጠኙም ብራውኒንግ ናቸው። ያውም ማንኛውም ብራውኒንግ አይደሉም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሜሪካ ገበያ መምጣት በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩት ብቻ ናቸው። ለሌላ ሰው ዘጠኙ አንድ ናቸው። መኩሪያ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይለያቸዋል። የፊተኞቹ፣ የተተኮሰውን ቀለሃ ጎትቶ የሚያወጣው መሳቢያቸው ብረቱ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ መምቻቸው ጫፉ ላይ እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን ተለውጠዋል። ይህን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ካገኘ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያወራል፤ ካላገኘም አይከፋውም።

ፍቅሩ ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ ደሴ ውስጥ ባለእጅ ነበሩ። የባላባቱም የፖሊሱም መሣሪያ ሲበላሽ ወደ እርሳቸው ይመጣል፤ መሣሪያውን ያመጣው ሰው ግን ቤታቸው ውሃ አይጠጣም። አባቱ ይህ ግድ አልነበራቸውም፤ ወይም ግድ እንደሌላቸው ያስመስሉ ነበር። የተፈታ ሽጉጥ ሆዱን ለልጃቸው እያሳዩ፣ ከውጭ የሚታየውን ማንም ያሳምረዋል፣ የሠራውን ሰው ለማወቅ ማንም የማያየውን ቦታ ተመልከት ይሉት ነበር። መኩሪያ አሜሪካ መጥቶ እጁ ሥራ ሲለምድና ኑሮው ሲደላደል፣ መጀመሪያ የገዛት ትርፍ ነገር አንዲት አሮጌ ብራውኒንግ ናት። ዕንቁ ያን ጊዜ ለሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ራሷ ቁልፉ ጠንካራ የሆነ ካዝና አፈላልጋ አመጣች።

ከዘጠኙ አንዷ ግን ሁልጊዜ ቅር ታሰኘው ነበር። ብራውኒንግ ቁጥሯ ሁለት ቦታ ላይ ይመታል፤ እጀታው ባለበት በታችኛው ብረት ላይ፣ ደግሞም ስላይድ በሚሉት፣ ከላይ በሚንሸራተተው ብረት ላይ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ሽጉጧ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ካልሆኑ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ቀላቅሏታል። መኩሪያ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቶራንስ ካለ መሣሪያ ሻጭ የገዛት ይህች ሽጉጥ ታችኛው ቁጥሯ በ413 ሲያልቅ፣ ላይኛው በ412 ያልቃል። በአንዲት ቁጥር ብቻ! ከሩቅ ቁጥር ጋር ተቀላቅላ ቢሆን ባልቆጨው። «ዲቃላዋ» እያለ ከካዝናው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አኖራት፤ ሲወለውል ግን ከሌሎቹ አሳንሶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ፌርፋክስ በሚገኘው የዙሌይካ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ዙሌይካ አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። ጋሼ ዘይኑዲን እንደሚባሉ፣ ሎንግ ቢች እንደሚኖሩ፣ በወደቡ መጋዘን ዕድሜያቸውን ፈጅተው ጡረታ እንደወጡ ነገረችውና ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም ናቸው፤ አርባ ዓመት አሜሪካ ቢኖሩም የወሎ አነጋገራቸው አልተነካም። ችግራቸውን ሳይዞሩ ተናገሩ። የሥራ አለቃቸው የነበረ አሜሪካዊ በሕጋዊ ወረቀት ያስተላለፈላቸው አንድ ሽጉጥ አላቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ከሳጥን ሳትወጣ ኖራለች። አሁን ግን ልጃቸው ሁመይራ ሁለት ሕፃናት ይዛ አብራቸው መኖር ጀምራለች፤ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናትና በሽጉጥ የተጎዳ ልጅ አይታለች። ከረመዳን በፊት ይህ ነገር ከቤት ይውጣ ብላቸዋለች። ዙሌይካ ደግሞ የሚያውቅበት ሰው አለ ብላ ወደ መኩሪያ አመጣቻቸው።

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩት። ከፎቶው ግማሹ የራሳቸው አውራ ጣት ነው። በቀረው ግማሽ ላይ ግን መኩሪያ እንደ ቀለበት ክብ የሆነውን መምቻ አየና ሻዩን አስቀመጠ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሎንግ ቢች ሄደ። ሁመይራ በሩን ከፈተችለት፤ ልጆቹን ይዛ ወደ መናፈሻ ወጣች። ጋሼ ዘይኑዲን ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና ራቅ ብለው ተቀመጡ። መኩሪያ ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ የቀለሃ መሳቢያዋን በጣቱ ፈለገ፤ የተቀበረ ነው። ቀለሟ አልለቀቀም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ቁጥሯን አነበበ።

ታችኛው በ412 ያልቃል። ላይኛው በ413።

መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበ። የፊተኞቹ አሃዞችም ያው የእርሱዋ ናቸው፤ ልቡ የሚያውቃቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆጨው ቁጥር። የዲቃላዋ ግማሽ አካል እጁ ላይ ነበር። ጋሼ ዘይኑዲን እንዴት ናት ብለው ሲጠይቁት ጥሩ ናት አለ፤ ቁጥሯ ግን አይገጥምም፣ ለሰብሳቢ ይህ ዋጋዋን ይቀንሰዋል አላቸው። የተናገረው ውሸት የለበትም። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «አዎ፣ አይገጥምም» ብቻ አሉ። መኩሪያ አስቦበት እንደሚደውል ነግሯቸው ወጣ፤ ጋርዴና እስኪደርስ ድረስ በየት በኩል እንደነዳ አያውቅም።

ያን ሳምንት ማሽኑ ላይ ቆሞ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። በማትገጥም ሽጉጥ ዋጋ ይገዛታል፤ ወረቀቷ ሲያልቅ ቤቱ ይወስዳታል፤ የሁለቱን ላይኛ ብረት ያቀያይራል፤ ከዚያ ሁለት ተከታታይ ቁጥር ያላቸው፣ እንደተወለዱ ያሉ ሽጉጦች ይኖሩታል። እንዲህ ያለ ጥንድ ያለው ሰው አንድም አያውቅም። ማንም አልተጎዳም፤ ሽማግሌው ራሳቸው ከቤት ይውጣልኝ ነው ያሉት። ይህን ለራሱ ደጋግሞ አስረዳው፤ ራሱ ግን አልረካለትም።

ዕንቁ ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት።

«ታዲያ ንገራቸዋ» አለች።

«ከነገርኳቸው ላይሸጡልኝ ይችላሉ። ወይ የማልችለውን ዋጋ ይሉኛል።»

ዕንቁ ሳህኑን አነሳች። «ካልነገርካቸው ደግሞ ያን ካዝና በከፈትክ ቁጥር ከውስጥ የሚያዩህ ጋሼ ዘይኑዲን ናቸው። አንተን አውቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ አትወለውላትም።»

መኩሪያ እውነቷን መሆኑን አወቀ፤ አባቱ በጥገና በኖሩበት ዘመን ሁሉ የሰው መሣሪያ ውስጥ ያገኙትን ደህና ዕቃ በተራ ለውጠው እንደማያውቁ፣ ይህንንም ማንም ሳያመሰግናቸው እንደሞቱ አስታወሰ። በማግስቱ ደወለና ቅዳሜ እንደሚመጣ፣ የሚያሳያቸው ነገር እንዳለ ነገራቸው።

ቅዳሜ የራሱን ሽጉጥ ቆልፎ መኪናው ኋላ ጭኖ ሄደ። ሁመይራ ልጆቹን ይዛ ከመሄዷ በፊት አሮጌ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችለት። ሁለቱን ብራውኒንጎች ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ከዚያ ቆሞ ተናገረ።

«ጋሼ ዘይኑዲን፣ ባለፈው እሁድ አንድ ነገር አይቼ ዝም ብያለሁ። የእርስዎ ሽጉጥ ላይኛው ብረት የእኔ ነው፤ የእኔ ላይኛው ደግሞ የእርስዎ። ቁጥሩን ይዩት። በርካሽ ልገዛት አስቤ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው እያንዳንዱን አሃዝ እየነኩ የአንዱን አነበቡ፣ የሌላውን አነበቡ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ደገፍ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። መኩሪያ ያስቀየማቸው መስሎት ደነገጠ።

«ቨርን» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ የቨርን ናት። ወላሂ የቨርን ናት።»

ነገሩን ያወጉት ቀስ ብለው ነው። ሽጉጧን የሰጣቸው ሮይ የሚባል የመጋዘኑ አለቃ ነበር። ቨርን ደግሞ የሮይ ጓደኛ ነው፤ ወጣት ሳሉ አንድ ቀን አንድ ሱቅ ገብተው ተከታታይ ቁጥር ያላቸውን ሁለት ብራውኒንጎች ገዙ። ለሃያ ዓመት በየወሩ በረሃ ወጥተው ቆርቆሮ ይተኩሱ ነበር። በኋላ የቨርን ሚስት ሳንባዋ ታመመና ሐኪም ደረቅ አየር ስላዘዘላት ወደ አሪዞና ሊሄዱ ሆነ። የስንብቱ ዕለት ሁለቱ ሰዎች ሽጉጦቻቸውን አጽድተው ሲገጥሙ፣ ሮይ የቨርንን ላይኛ ብረት አነሳ፤ ቨርንም የሮይን። አንዱም ቃል አልተናገረም፤ ገጠሙና ተለያዩ።

ዘይኑዲን መጋዘኑ የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው። በሱዳን በኩል የመጡ፣ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ የማያልፍ ሰው ነበሩ። ሮይ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና መንዳት አስተማራቸው፤ ቅጽ ሞላላቸው፤ ሚስታቸው ዘይቱና በሞተች ጊዜ ደግሞ የሐዘን ሥርዓቱን ባያውቅም ሦስት ቀን ሙሉ በራቸው ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ልጅ አልነበረውም። ጡረታ ሲወጣ ሽጉጧን በወረቀት አስተላለፈላቸውና፣ ምናልባት ቨርንን ካገኘኸው ጠብቄያታለሁ በለው አላቸው። ዘይኑዲን በሰጣቸው አድራሻ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። ሮይም ብዙ አልቆየም፤ ሞተ።

«አይገጥምም ስትለኝ ለምን እንደማይገጥም አውቅ ነበር» አሉ። «ለሱቅ ሰው ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተ ሳምንት ዝም አልክ፤ እኔ ሃያ ስምንት ዓመት። ይቅር ለእግዜር።»

መኩሪያም የሚያውቀውን ነገራቸው፤ የቶራንሱ ሻጭ ሽጉጧ ከአሪዞና፣ ከአንድ ሟች ቤተሰብ እንደመጣች ነግሮት ነበር። ስለዚህ ቨርንም የለም። ሽማግሌው ተነስተው ሻይ አፈሉ፤ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ከዚያ መኩሪያ ያልጠበቀውን ተናገሩ።

«በል ግጠማቸው። ባለሙያው አንተ ነህ። እኔ ምንም አልልም።»

መኩሪያ ሁለቱን ፎጣው ላይ ፈታ። በ412 ላይ 412ን አስገባ። ገባች፤ ቁጥሩ ገጠመ። ወደ ኋላ ሲስባት ግን መሀል ላይ ያዝ አደረጋት፤ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር በጣቱ ተሰማው። ዘይት ጨምሮ ደጋግሞ ሳባት፤ ያው ነው። ሌላይቱ፣ 413 በ413 ላይ፣ ተቃራኒው ሆነች፤ ያለ ልክ ላልታ በእጁ ውስጥ ተንቀጫቀጨች። ብረቶቹን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ፤ ማንም የማያየውን የውስጥ ጠርዛቸውን በብርሃን ተመለከተ። ብረቱ በመፋተግ የተበላበትን መስመር አየ። ሁለት ብረት ለብዙ ዓመት ሲፋተግ አንዱ የሌላውን ልክ ይይዛል፤ ሥራው ይህ ነውና በደንብ ያውቀዋል። እነዚህ ከተለዋወጡ በኋላ ለዓመታት ተተኩሶባቸዋል፤ ሮይ እዚህ፣ ቨርን እዚያ፣ ለየብቻቸው። ዛሬ የአንዱ ልክ ያለው ሌላው ዘንድ ነው።

ሞረድ አምጥቶ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ ይገጥማሉ። ይህን ሥራ ከእርሱ የተሻለ የሚሠራው ሰው በአካባቢው ያለ አይመስለውም። የሚነካውም ቦታ ማንም የማያየው ነው። ቁጥሮቹ በስልኩ ካሜራ ውስጥ ጎን ለጎን፣ ልክ እንደተመኘው፣ ቁጭ ብለው ያዩታል። ፎቶ አነሳቸው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው፤ ለራሱም እየገረመው እንደገና ፈታቸው።

«ምነው?» አሉ ጋሼ ዘይኑዲን።

«ሞረድ ላስነካቸው አልፈልግም» አለ መኩሪያ። «እንደነበሩ ነው የሚሠሩት።»

በ413 ላይ 412ን መለሰ፤ በ412 ላይም 413ን አደረገ። ወደ ኋላ ሳበው፤ ቅቤ እንደተቀባ ሄዶ ተመለሰ። ለሽማግሌው ሰጣቸው፤ እርሳቸውም ሳቡት። አጭር፣ ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ሁለቱም ልጆች የሆኑ ይመስል ተራ በተራ እየሳቡ ለትንሽ ጊዜ ተቀመጡ፤ ሁመይራ ስትመለስ በዚህ ሁኔታ አገኘቻቸውና ልጆቹን ደጅ አስቁማ ሁለቱንም ሽጉጦች ሳጥን ውስጥ እንዲቆልፉ አደረገች።

ሽጉጧ ወደ መኩሪያ እንድትሄድ ተስማሙ። ጋሼ ዘይኑዲን በነጻ ልስጥህ አሉ፤ መኩሪያ እንቢ አለ፤ ነገሩ እስከ ፌርፋክስ ሄዶ ዙሌይካ በምግብ ቤቷ ጥግ ዳኛ ሆና ጨረሰችው። የደረሰችበትን ዋጋ ሁለቱም አጉረመረሙበት፤ እሷም ሁለታችሁም ካጉረመረማችሁ ልክ ነው አለቻቸው። ቶራንስ ሻጩ ዘንድ አብረው ሄደው ወረቀቱን ፈረሙ። ሻጩ የሁለቱን ሽጉጦች ታሪክ ባያውቅም ቁጥሮቹን አይቶ፣ ጥንዷም መኩሪያ ዘንድ እንዳለች ሲሰማ፣ ለምን አታገጣጥማቸውም ሲል መኩሪያን ጠየቀው። መኩሪያ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጋሼ ዘይኑዲን በወደብ እንግሊዝኛቸው ጀመሩለት። ሮይን ነገሩት፣ ቨርንን ነገሩት፣ የሚስትየውን ሳንባ ነገሩት። ሰውየው መሀል ላይ አስቁሟቸው ከኋላ ክፍል ባልደረባውን ጠራ፤ እርሳቸውም ሳይሰለቹ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሕጉ የሚያዘውን አሥር ቀን ጠብቀው መኩሪያ ሽጉጧን ቤቱ ወሰደ። ዕንቁ ካዝናው ውስጥ የላይኛውን መደርደሪያ አስለቅቃ ጠበቀችው፤ ሁለቱን እዚያ አብረው አኖሯቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዘይኑዲን በየሁለት ሳምንቱ ጋርዴና ይመጣሉ። ሽጉጦቹን ለማየት ነው ይላሉ፤ አንዳንድ ቀን ግን ካዝናው ሳይከፈት ይመሻል። ዕንቁ በጾማቸው ወር ለማፍጠሪያ ሾርባ ሠርታ ላከችላቸው። እርሳቸው ደግሞ ከመኩሪያ ስለ ቀለሃ መሳቢያ የተማሩትን ለልጃቸው ያስተምራሉ፤ ሁመይራ ሽጉጡን ከቤት አስወጥቼ ወሬውን አስገባሁ ትላለች።

ባለፈው ወር መኩሪያ ቤከርስፊልድ የሚኖር አንድ ሰው አንዲት የፊተኛ ዘመን ብራውኒንግ እንዳለው ሰማ። ጋሼ ዘይኑዲን ካልመጣሁ አሉ። ዕንቁ ምሳ ቋጠረችላቸው፤ በማለዳ ተነሱ። ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ በዚህ በኩል ይቀርብ ነበር እያሉ፣ መኩሪያም ስልኩ በዚያ በኩል አላለም እያለ፣ ተራራውን ተሻገሩ። ሰውየው ቤት ደርሰው ሽጉጧ ስትወጣ ጋሼ ዘይኑዲን ቀድመው አጎነበሱ፣ ጣታቸውን ጎኗ ላይ አሳለፉ፣ ቀና ብለው መኩሪያን አዩት።

«መሳቢያዋ ውጭ ነው» አሉ በአማርኛ። «የኋለኛ ናት።»

ልክ ነበሩ። ሰውየው የጋበዛቸውን ሻይ ጠጥተው፣ አመስግነውት ወጡ። በመመለሻቸው መንገድ ዳር ብርቱካን የምትሸጥ ሴት አገኙና መኩሪያ ጥግ ይዞ መኪናውን አቆመ። ጋሼ ዘይኑዲን እያንዳንዱን ብርቱካን እያነሱ፣ እያገላበጡ፣ እያሸተቱ አንድ ከረጢት ሙሉ መረጡ። መኩሪያ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ፀሐይ እየሞቀ ጠበቃቸው። የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም።